የዳይኖሰሮችን ምድር ያስተዋወቁት ኧርል ዳግላስ

በዩናይትድ ስቴትስ ዩታ ግዛት ሰሜን ምሥራቃዊ ክፍል የምትገኘው የቬርናል ከተማ እንግዶቿን የምትቀበለው በዳይኖሰር ምስል ነው። በዋናው መንገድ ዳር የቆመው ሮዝ ቀለም የተቀባ ግዙፍ ምስል የከተማዋ መለያ ሆኖ ቆይቷል። አካባቢውም በጥቅሉ የዳይኖሰር ምድር እየተባለ ይጠራል። ከግዛቲቱ ወሰን ማዶ በኮሎራዶ በኩል የምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማም እ.ኤ.አ በ1966 አርቴዥያ የሚለውን የቀድሞ ስሟን ትታ ዳይኖሰር ተብላለች። ጎዳናዎቿም ከምድር ገጽ በጠፉት በእነዚሁ እንስሳት ስም ተሰይመዋል።

ከመቶ ዓመታት በፊት ይህ ሁሉ አልነበረም። ቬርናል በዚያ ዘመን ከባቡር ሐዲድ ርቃ በከብትና በበግ እርባታ እንዲሁም በመስኖ እርሻ የምትተዳደር የሰፋሪዎች ከተማ ነበረች። የአካባቢውን ስም የለወጠው ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ በ1909 ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሲሆን፣ ሥራውን የጀመሩት ደግሞ ኧርል ዳግላስ የተባሉ የቅሪተ አካል ተመራማሪ ናቸው።

ዳግላስ የተወለዱት እ.ኤ.አ ጥቅምት 28 ቀን 1862 በሚኒሶታ ግዛት ሜድፎርድ በተባለ ስፍራ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ትምህርታቸውን ያለ ማቋረጥ ለመከታተል የሚያስችል ሀብት አልነበራቸውም። በመሆኑም አንድ ጊዜ ተማሪ፣ ሌላ ጊዜ መምህር እየሆኑ እ.ኤ.አ በ1893 በአይዋ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አግኝተዋል። ከዚያም ወደ ሞንታና ተጉዘው በገጠር ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። የዕረፍት ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በየሸንተረሩ እየተዘዋወሩ የጥንት አጥቢ እንስሳትን ቅሪተ አካል በመሰብሰብ ነበር። እ.ኤ.አ በ1900 በዚያው በሞንታና ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በፕሪንስተን ትምህርታቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ በ1902 ደግሞ በፔንሲልቬኒያ ግዛት ፒትስበርግ ከተማ በሚገኘው የካርኔጊ ሙዚየም ተቀጠሩ።

ሙዚየሙን ያቋቋሙት በብረታ ብረት ኢንዱስትሪ የከበሩት አንድሪው ካርኔጊ ነበሩ። ካርኔጊ ለዳይኖሰሮች የተለየ ፍቅር ነበራቸው። እ.ኤ.አ በ1899 በዋዮሚንግ ግዛት የተገኘውና በስማቸው የተሰየመው ዲፕሎዶከስ በጄሶ እየተቀረጸ ለአውሮፓ ነገሥታትና መሪዎች በስጦታ ተልኳል፤ የመጀመሪያው ቅጂ እ.ኤ.አ በ1905 ለንደን ላይ ለሕዝብ ታይቷል። ባለሀብቱ ከዚያ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አልፈለጉም። የሙዚየሙ ዳይሬክተር ዊሊያም ሆላንድም የሠራተኞቻቸውን ሥራ የሚመዝኑት በዚሁ መለኪያ ነበር።

የዳግላስ ዝንባሌ ግን ሌላ ነበር። እርሳቸውን ይበልጥ የሚስቧቸው ዳይኖሰሮች ከጠፉ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ የኖሩት ትናንሽ አጥቢ እንስሳት ሲሆኑ፣ ወደ ዩታው የዩንታ ተፋሰስ የሄዱትም እነዚሁን ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ በ1908 ሆላንድ በመስክ ሊጎበኟቸው መጡ። ሁለቱ በግሪን ወንዝ አቅራቢያ ስፕሊት በተባለው ተራራ ግርጌ ሲዘዋወሩ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ግዙፍ የዲፕሎዶከስ የጭን አጥንት ወድቆ አገኙ። አጥንቱ ከላይ ተንከባሎ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነበር። ጥያቄው ከየት ተንከባለለ የሚለው ነው። ዳግላስ በቀጣዩ ዓመት ዳይኖሰር እንዲፈልጉ ታዘው ተመለሱ።

ፍለጋው ሳምንታት ፈጀ። አካባቢውን በሚገባ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ነዋሪ አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። የድንጋዩ ንብርብሮች ከጊዜ ብዛት ተገፍተው እንደ ግድግዳ የቆሙ በመሆናቸው መውጣትና መውረዱ አድካሚ ነው። እ.ኤ.አ ነሐሴ 17 ቀን 1909 ዳግላስ አንድ የአሸዋ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ስምንት የጅራት አጥንቶች እንደ ተያያዙ ብቅ ብለው አዩ። አጥንቶቹ በሕይወት ሳሉ የነበራቸውን ቅደም ተከተል እንደጠበቁ ነበሩ። ለቅሪተ አካል ተመራማሪ ይህ ትልቅ ምልክት ነው። ጅራቱ ከተያያዘ ቀሪው አካልም ከተራራው ውስጥ ተያይዞ ሊገኝ ይችላልና።

ወሬው ከሆላንድ ምላሽ ቀድሞ ቬርናል ደረሰ። በቀናት ውስጥ የከተማዋና የአጎራባች መንደሮች ነዋሪዎች በፈረስ ጋሪ እየተጫኑ ወደ ተራራው መጉረፍ ጀመሩ። እናቶች ሕፃናት ታቅፈው፣ አረጋውያን ተደግፈው ያን ገደላማ ስፍራ እንደወጡ ዳግላስ በዕለት ማስታወሻቸው መዝግበዋል። ከዚያ በፊት የሰው እግር እምብዛም ያልረገጠው ዐለት በአንድ ጊዜ በሕዝብ ተጥለቀለቀ። ይህ ነጥብ በታሪኩ ውስጥ ተገቢውን ስፍራ ሳያገኝ ይታለፋል። የዩንታ ተፋሰስ ሰዎች ዳይኖሰሮቹን የራሳቸው አድርገው መቁጠር የጀመሩት ሙዚየም ተሠርቶ ወይም መንግሥት አዋጅ አውጥቶ አይደለም፤ ገና አጥንቶቹ ከድንጋዩ ሳይላቀቁ ነው።

እንስሳው በዚያን ጊዜ ብሮንቶሳውረስ በሚለው ስም ይበልጥ የሚታወቀው አፓቶሳውረስ ነበር። አፅሙ ከሞላ ጎደል የተሟላ ሲሆን ርዝመቱም ከ20 ሜትር በላይ ነው። ሆላንድ እ.ኤ.አ በ1915 ለካርኔጊ ባለቤት ለሉዊዝ ክብር ሲሉ አፓቶሳውረስ ሉዊዜ ብለው ሰየሙት። በጭንቅላቱ ጉዳይ ግን በሊቃውንት መካከል ለአሥርተ ዓመታት የዘለቀ አለመግባባት ተፈጠረ። ከአንገቱ አቅራቢያ የተገኘው የራስ ቅል ረዘም ያለና የዲፕሎዶከስን የሚመስል ነበር። ሆላንድ ትክክለኛው ይህ ነው ብለው ቢያምኑም፣ የዘመኑ ታላላቅ ተመራማሪዎች የእንስሳው ራስ አጠር ያለና ድፍን ነው ይሉ ስለነበር ደፍረው አልገጠሙትም። አፅሙ ፒትስበርግ ውስጥ ያለ ጭንቅላት ቆመ። ሆላንድ ካረፉ በኋላ የሌላ ዝርያ ዓይነት ጭንቅላት ተገጠመለት። እ.ኤ.አ በ1979 ግን ሙዚየሙ ስሕተቱን አርሞ ያንኑ ከዳግላስ ቁፋሮ የተገኘውን ዓይነት ጭንቅላት መለሰለት። የሆላንድ ግምት ትክክል የነበረ መሆኑ የታወቀው በዚህ መልኩ ነው።

ዳግላስ ለአንድ እንስሳ ብለው የጀመሩት ቁፋሮ ለ13 ዓመታት ቀጠለ። አንዱን አፅም ሲከተሉ የሌላው ይመጣል፤ የሌላውን ሲያወጡ ከሥሩ ሦስተኛው ይታያል። ዲፕሎዶከስ፣ ስቴጎሳውረስ፣ ሥጋ በሉ አሎሳውረስ፣ ካማራሳውረስና ሌሎችም ተደራርበው ተገኙ። ስፍራው ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የወንዝ መውረጃ እንደነበረ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። በውኃው ዳር የሞቱ እንስሳት በጎርፍ ተገፍተው በአሸዋው ደለል ላይ ተከማቹ፤ አሸዋውም ቀብሯቸው ወደ ድንጋይነት ተለወጠ። በኋላ ምድሪቱ ስትነሳ የወንዙ ወለል የነበረው ንብርብር ቀና ብሎ ግድግዳ ሆነ። ለንጽጽር ያህል፣ በአገራችን በሐዳር እ.ኤ.አ በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ ወይም ሉሲ የኖረችው ከ3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ነው።

ሥራው ከባድ ነበር። የላዩ ድንጋይ በድማሚት ይፈነዳል፤ ወደ አጥንቱ ሲቀረብ መዶሻና መሮ ይተካል። የወጣው አጥንት በጄሶ በተነከረ ጆንያ ይጠቀለላል። ጄሶው ሲደርቅ በሣጥን ታሽጎ በፈረስ ጋሪ የቀናት መንገድ ተጉዞ ድራጎን ወደተባለችው የባቡር ጣቢያ ይደርሳል። ጠባቡ ሐዲድ ሬንጅ መሰል ማዕድን ለማጓጓዝ የተዘረጋ ነበር። ቁፋሮው እስኪቆም ድረስ ከ300 ቶን በላይ ቅሪተ አካልና ድንጋይ በዚህ አኳኋን ወደ ፒትስበርግ ተጓጉዟል። በቁፋሮውና በማጓጓዙ የተሠማሩት በአብዛኛው የአካባቢው ገበሬዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። በበጋ እርሻቸውን፣ በክረምት የዳግላስን ተራራ የሚቆፍሩ ሰዎች ዳይኖሰርን ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በእጃቸው ዳስሰው ነው።

ዳግላስ እ.ኤ.አ በ1905 ፐርል ጎትሺየስ ከተባሉ የሞንታና ሴት ጋር ጋብቻ መሥርተው ነበር። አፅሙ በተገኘበት ዓመት ባለቤታቸው ገና የአንድ ዓመት ሕፃን የነበረውን ልጃቸውን ጋዊንን ይዘው ተራራው ግርጌ ድረስ መጡ። ያን የመጀመሪያ ክረምት ያሳለፉት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እጅግ በሚወርድበት ስፍራ በድንኳን ውስጥ ነው። በኋላ ቤተሰቡ መሬት ይዞ ቤት ሠራ፤ አትክልት ተከለ፤ ላም አረባ። ዳግላስ በዚያ ሸለቆ አንድ ቀን የሰመረ እርሻ እንደሚኖራቸው ያልሙ ነበር። የዚህ ሕልም ነገር ለሆላንድ ግልጽ አልነበረላቸውም። ለፒትስበርጉ ዳይሬክተር ስፍራው አጥንት የሚወጣበት ጉድጓድ ሲሆን፣ ለዳግላስ ግን ቤታቸው ሆኖ ነበር።

የስፍራው ባለቤትነት ጉዳይ የተነሳው በዚህ መሃል ነው። መሬቱ የመንግሥት በመሆኑ ማንኛውም ሰፋሪ ሊይዘው ይችል ነበር። ሙዚየሙ የማዕድን ይዞታ ፈቃድ ጠየቀ። የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ቅሪተ አካል ማዕድን አይደለም በማለት ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። ለጥበቃው የቀረው መንገድ እ.ኤ.አ የ1906ቱ የቅርስ ጥበቃ ሕግ ነበር። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን እ.ኤ.አ ጥቅምት 4 ቀን 1915 ባወጡት አዋጅ የቁፋሮውን ስፍራና ዙሪያውን የሚያጠቃልል 80 ኤከር ወይም 32 ሄክታር ያህል መሬት የዳይኖሰር ብሔራዊ መታሰቢያ ስፍራ ተብሎ ተከለለ። አዋጁ ስፍራውን ለሕዝብ ጥቅም ሲያውለው የካርኔጊ ሙዚየም በፈቃድ ቁፋሮውን እንዲቀጥል ሳያግደው ቀረ። በሌላ አነጋገር ስሙ ዩታ ውስጥ ሲቀር አጥንቶቹ ግን ወደ ምሥራቅ መጓዛቸውን አላቆሙም።

ካርኔጊ እ.ኤ.አ በ1919 አረፉ። ገንዘቡም እየቀነሰ ሄዶ ሙዚየሙ እ.ኤ.አ በ1922 ሥራውን አቆመ። በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ተቋም በቀጣዩ ዓመት መጥቶ አንድ ዲፕሎዶከስ ወሰደ፤ በ1924 ደግሞ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተራውን ወሰደ። በእነዚህ ዓመታት ከወጡት አፅሞች የአንዱ ባሮሳውረስ ዕጣ የነገሩን መልክ በሚገባ ያሳያል። የዚህ እንስሳ አካል ለሦስቱ ተቋማት ተከፋፍሎ አንገቱ በአንድ ከተማ፣ ጅራቱ በሌላ ከተማ ተቀመጠ። ክፍሎቹን በመሰብሰብ ዳግም አንድ ያደረጓቸው የኒውዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባልደረባ ባርነም ብራውን ሲሆኑ፣ ቅጂው ከ1991 ጀምሮ በሙዚየሙ መግቢያ አዳራሽ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ይታያል።

ዳግላስ አጥንት እያወጡ በመላክ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉ ሰው ሆነው ሳለ፣ የተመኙት ግን የዚህን ተቃራኒ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለስሚዝሶኒያን ተቋም ባቀረቡት ሐሳብ መንግሥት የተራራውን ገጽ በስፋት ገልጦ አጥንቶቹን ከዐለቱ ሳያላቅቅ ጎልተው እንዲታዩ ብቻ እንዲያደርግና በላያቸው ቤት እንዲሠራባቸው ጠይቀዋል። ሕዝቡ ወደ አጥንቶቹ ይምጣ እንጂ አጥንቶቹ ሁሉ ወደ ሩቅ ከተማ አይሂዱ የሚል ነበር አሳባቸው። በዘመኑ ሐሳቡ እንደ ቅዠት ሊቆጠር የሚችል ነው፤ ወደ ስፍራው የሚያደርስ ደህና መንገድ እንኳ አልነበረምና። የሚሰማቸውም አላገኙም።

የዳግላስ የመጨረሻ ዓመታት አስቸጋሪ ነበሩ። ከካርኔጊ ሙዚየም ጋር የነበራቸው ግንኙነት ተቋርጦ ለዩታ ዩኒቨርሲቲ አጥንት ለማውጣትና ለማዘጋጀት ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ተዛወሩ። ያም ሥራ ሳይዘልቅ ቀረ። ከዚያ በኋላ በነዳጅና በማዕድን ፍለጋ ላይ የጂኦሎጂ ምክር እየሰጡ ኑሯቸውን ሲገፉ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ ጥር 13 ቀን 1931 በዚያችው ከተማ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በሸለቆው ያለሙት እርሻም በተመኙት መጠን አልሰመረም። በሞቱበት ጊዜ የቁፋሮው ስፍራ ሠራተኛ የሌለበት ባዶ የተራራ ቁስል ነበር።

ምኞታቸው ዳግም የተነሳው በአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት ዓመታት ነው። ሥራ አጦችን ለመቅጠር በተከፈቱ የመንግሥት መርሐ ግብሮች አማካይነት ሠራተኞች አጥንት ካለበት ንብርብር በላይ ያለውን ድንጋይ አነሱ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትም እ.ኤ.አ በ1938 የ80 ኤከሩን ክልል ወደ ኮሎራዶ አሻግረው ከ200 ሺሕ ኤከር በላይ አደረጉት። በዚህ የተነሳ የግሪንና የያምፓ ወንዞች ጥልቅ ሸለቆዎች በዳይኖሰር ስም ተጠቃለሉ።

ከአዲሱ ክልል ጋር አንድ ሌላ ነገርም ተጠቃሏል። በሸለቆዎቹ ዐለቶች ላይ ከአንድ ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት ፍሪሞንት ተብለው የሚታወቁ ሕዝቦች የቀረጿቸው ሥዕሎች ይገኛሉ። የዩንታ ተፋሰስም ለዩት ሕዝብ ተከልሎ የነበረና እ.ኤ.አ በ1905 ለሰፋሪዎች የተከፈተ ምድር ነው። አካባቢው በዳይኖሰር መታወቁ ከእርሱ በፊት የነበረውን የሰው ልጅ ታሪክ ሊጋርደው እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

የስያሜው ክብደት የታየው በ1950ዎቹ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት ኤኮ ፓርክ በተባለ ስፍራ ግድብ ለመሥራት አቀደ። በርካታ የቬርናል ነጋዴዎችና ነዋሪዎች ሥራና ገበያ ያመጣልናል በማለት ግድቡን ደገፉ። የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት ደግሞ በሕግ የተከለለ ስፍራ ሊጥለቀለቅ አይገባም በማለት በመላ አገሪቱ ዘመቻ ከፈቱ። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ በ1956 የኮሎራዶ ወንዝ ፕሮጀክትን ሲያጸድቅ የኤኮ ፓርክ ግድብ አልተካተተም። ግድቡ ከክልሉ ውጪ ወደ ላይኛው የግሪን ወንዝ ተወስዶ ፍሌሚንግ ጎርጅ በተባለ ስፍራ ተሠራ። ዳግላስ ያገኟቸው ስምንት የጅራት አጥንቶች ባይኖሩ ኖሮ ያ ሸለቆ ዛሬ ከውኃ በታች ሊሆን ይችል ነበር።

ቬርናልም በበኩሏ ዳይኖሰሮቹን ለመያዝ ጊዜ አላጠፋችም። እ.ኤ.አ በ1948 የዩታ ግዛት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በከተማዋ ተከፈተ። በግቢው የቆሙት በተፈጥሮ ልካቸው የተሠሩ የዳይኖሰር ምስሎች እስካሁን የከተማዋ መስህብ ናቸው። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ በ2004 ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛውሯል። ግዛቲቱም በ1988 አሎሳውረስን የግዛት ቅሪተ አካል፣ በ2018 ደግሞ ዩታራፕተርን የግዛት ዳይኖሰር ብላ በሕግ ሰይማለች። ነዳጅና ጋዝ ሲወጣ ገበያው የሚሞቅበት፣ ዋጋው ሲወድቅ የሚቀዘቅዝበት አካባቢ በመሆኑ ከቱሪዝም የሚገኘው ገቢ ለነዋሪው ቀላል ነገር አይደለም።

ዳግላስ የተመኙት ቤት የተሠራው ካረፉ ከ27 ዓመታት በኋላ ነው። ከ1953 ጀምሮ በስፍራው የተመደቡ ባለሙያዎች አጥንቶቹን ሳያላቅቁ በዙሪያቸው ያለውን ድንጋይ ብቻ እየቀረፉ አወጧቸው። የተራራውን ገጽ አንደኛው ግድግዳው ያደረገው የመስታወት አዳራሽም እ.ኤ.አ በ1958 ለሕዝብ ተከፈተ። አዳራሹ ግን የተተከለው እርጥበት ሲያገኝ በሚያብጥ፣ ሲደርቅ በሚሸማቀቅ የሸክላ አፈር ላይ ነበር። ግድግዳው እየተሰነጠቀ፣ ወለሉ እየተነሳ መጥቶ እ.ኤ.አ በ2006 ለደኅንነት ሲባል ተዘጋ። ለአምስት ዓመታት ጎብኚዎች ግድግዳውን ሳያዩ ቀሩ። በአካባቢው ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ዘንድ የአዳራሹ መዘጋት ስጋት የፈጠረ ጉዳይ ነበር። መሠረቱ እስከ ጽኑ ዐለት ድረስ እንዲወርድ ተደርጎ የታነጸው አዲስ አዳራሽ እ.ኤ.አ በጥቅምት ወር 2011 ተመርቋል።

በአዳራሹ ውስጥ 1 ሺሕ 500 ያህል አጥንቶች ከዐለቱ ሳይነጠሉ ይታያሉ። ጎብኚዎች አንዳንዶቹን በእጃቸው እንዲነኩ ይፈቀድላቸዋል። የዳግላስን የዕለት ማስታወሻ ከደብዳቤዎቻቸው ጋር አቀናብረው ለመጽሐፍ ያበቁት በድንኳኑ ውስጥ ያደጉት ልጃቸው ጋዊን ሲሆኑ፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ በ2009 ታትሟል። የተመራማሪው ሰነዶች በዩታ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ።